ሜታል ዲቴክተር ይዞ የሰው ግቢ ለመግባት፦ ፈቃድ አጠያየቅና ሣር ሳያደርቁ አቆፋፈር

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ከሚኖሩ አንባቢዎች ስለ ሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ሳንቲምና ብረት በድምፅ ስለሚጠቁመው ማሽን፣ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይመጡልናል። አንደኛው «ማሽኑን ገዛሁ፤ የት ሄጄ ልፈልግ? ማንን ላስፈቅድ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይመጣል፦ «አስፈቅጄ ቆፈርኩ፤ የቆፈርኩበት ሁሉ ክብ ክብ እየሠራ ደረቀ፤ ባለቤቱ ሁለተኛ እንዳላይህ አለኝ።» መልሱ የተያያዘ ነው። ባለቤቱ ያገኛችሁትን ሳንቲም የሚያየው አንዴ ነው፤ ሣሩን ግን በየቀኑ ያየዋል። ፈቃድ የሚጸናው ጉድጓዱ የት እንደነበር ሲጠፋው ነው።

ከዚህ በታች ያለው ለእነዚህ ሦስት አካባቢዎች የግል መሬት የተዘጋጀ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ አቆፋፈሩን እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ሕጉን ግን ያላችሁበትን አጣሩ።

ፈቃድ ከመጠየቅ በፊት፦ ጭራሽ የማይሞከርባቸው ቦታዎች

በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ሥር ባለ መሬት በሜታል ዲቴክተር መፈለግ ብቻ ሳይሆን ማሽኑን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ ይዞ መገኘትም ክልክል ነው። እዚህ አካባቢ ይህ ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። ለሽርሽር የምንሄድበት ሮክ ክሪክ ፓርክ፣ ናሽናል ሞል፣ የሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳርቻ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ አረንጓዴ ቦታዎች፣ በዲሲ መንገዶች መጋጠሚያ ላይ ያሉ ብዙ ትናንሽ የሣር ሦስት ማዕዘኖች ሁሉ በዚሁ መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው። ማናሳስና አንቲተም የጦር ሜዳዎችም እንዲሁ። በዚያ በኩል የምታልፉ ከሆነ ማሽኑን ፈታታችሁ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጡት።

በ1979 የወጣው የፌዴራል የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ደግሞ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን አርኪዮሎጂያዊ ዕቃ ከፌዴራል ወይም ከነባር ሕዝቦች መሬት ያለ ፈቃድ ማውጣትን ወንጀል ያደርገዋል። ለመጀመሪያ ጥፋት እንኳ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ 1 ዓመት እስር ሊያስቀጣ ይችላል፤ ማሽኑም መኪናውም ሊወረስ ይችላል።

የስቴትና የካውንቲ ፓርኮች ደንብ ይለያያል። አንዳንዱ የተወሰነ የባሕር ዳርቻ ላይ ይፈቅዳል፣ ሌላው ጨርሶ ይከለክላል። ለፓርኩ ቢሮ ኢሜይል ጻፉና መልሱን ስልካችሁ ላይ ያዙት። ጥበቃው ሲመጣ «በስልክ ፈቅደውልኛል» ማለት አይሠራም።

መቃብር፣ የታወቀም ያልታወቀም፣ አይነካም። በአሮጌ እርሻዎች ጫፍ ላይ ስም ያልተጻፈባቸው፣ የባሪያ ፍንገላ ዘመን ሰዎች ያረፉባቸው መቃብሮች አሉ። ምልክታቸው ብዙ ጊዜ በመስመር የቆሙ ያልተጠረቡ ድንጋዮች፣ ሰው ቁመት የሚያህሉ ሰርጎድ ያሉ ቦታዎችና ሐምራዊ አበባ ያለው መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል ነው። እነዚህን አንድ ላይ ካያችሁ ውጡ፤ ለባለቤቱም ንገሩት።

ከአገር ውጪ ይዛችሁት ለምትጓዙ፦ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር ክልክል ነው። በእስራኤል የ1978ቱ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ያለ ፈቃድ በሜታል ዲቴክተር ጥንታዊ ዕቃ መፈለግን በስም ጠቅሶ ይከለክላል። በእንግሊዝ የመሬቱ ባለቤት ከፈቀደ መፈለግ ይቻላል፤ «ትሬዠር» (በሕግ የተለየ ጥንታዊ ሀብት) የሚባለው ክፍል ውስጥ የሚገባ ግኝት ግን በ14 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ለሚመረምረው ባለሥልጣን፣ ለኮሮነር፣ መነገር አለበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሜታል ዲቴክተርና ሄድፎን (ጩኸቱ ጎረቤት እንዳይረብሽ፤ ደካማ ድምፅም እንዳያመልጣችሁ)
- ፒንፖይንተር፣ ማለትም በእጅ የሚያዝ ዱላ መሰል አነስተኛ ጠቋሚ። ይህን ካልገዛችሁ ጉድጓዱ በእጥፍ ይሰፋል
- አንድ ጎኑ መጋዝ የሆነ የመቆፈሪያ ቢላዋ። የአትክልት መኮትኮቻ ይታጠፋል፤ ሥሩንም አይቆርጥም፣ ይበጥሳል
- ጫፉ የደነዘዘ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ካቻቪቴ
- 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጨርቅ ወይም ፎጣ፤ አሮጌ ሸራም ይሆናል
- ሁለት ኪስ ያለው ሽርጥ ወይም ቦርሳ፣ አንዱ ለዕቃ፣ ሌላው ለቆሻሻ
- ወፍራም ጓንት፣ ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ
- ፈቃዱ የተጻፈበት ወረቀት

አካፋ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አካፋ ለታረሰ ማሳ እንጂ ለሣር አይሆንም።

አሠራር

1. ፈቃድ መስጠት የሚችለው ማን እንደሆነ እወቁ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ተከራይ ሊሆን ይችላል። ተከራይ ቢፈቅድላችሁ ባለቤቱ ሲመጣ ያለ ፈቃድ ገብታችኋል። በሜሪላንድ የስቴቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ በካውንቲው ወይም በከተማው የንብረት ግብር ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብታችሁ የንብረቱን መዝገብ ተመልከቱ። በእግረኛ መንገዱና በመኪና መንገዱ መካከል ያለው ጠባብ ሣር አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ ስለሆነ የቤቱ ባለቤት ሊፈቅድላችሁ አይችልም። የአፓርታማና የታውንሃውስ የጋራ ሜዳም የማኅበሩ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የገዛው አሮጌ ሕንፃ ግቢ ውስጥ መፈለግ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ቦታው እውነትም ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞው ምዕመን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሣሩ ላይ ማዕድ ሲበላበት ኖሯልና። ነገር ግን አባ በቃል «ግድ የለም ልጄ» ማለታቸው አይበቃም። ውሳኔው የሰበካ ጉባኤው ወይም የቦርዱ ነው፤ ከእነሱ በጽሑፍ ተቀበሉ። አሮጌ የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መቃብር መኖር አለመኖሩንም ከሽያጭ ውሉና ከቦታው ፕላን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

2. በር አንኳኩ። ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር ጥሩ ነው፤ እሑድ ጠዋትና እራት ሰዓት አይሆንም። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ማሽኑንና መቆፈሪያውን መኪና ውስጥ ተዉት፤ ቢላዋ ታጥቆ በር ላይ የቆመ እንግዳ ማንንም ያስደነግጣል። ደወሉን ከተጫናችሁ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቁሙ። ስማችሁን፣ የት ሰፈር እንደምትኖሩ፣ ምን እንደምትፈልጉና ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ በሦስት ዐረፍተ ነገር ተናገሩ።

ከዚያ ስልካችሁን አውጥታችሁ ሁለት ፎቶ አሳዩ፦ ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ ያው ቦታ ተዘግቶ። ባለቤቱ የሚፈራው ሣሩን እንጂ እናንተን አይደለምና ይህ ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል። ፎቶው ከራሳችሁ ጓሮ የመጣ መሆን አለበት። ስለዚህ የሰው ግቢ ከመጠየቃችሁ በፊት ጓሯችሁ ውስጥ ቢያንስ 10 ጉድጓድ ተለማመዱ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቁና አሥሩም አረንጓዴ መሆናቸውን እዩ።

«አይሆንም» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። ምክንያት አትጠይቁ፣ አታግባቡ። ሻጭ አይግባ የሚል ምልክት ያለበትን በር አታንኳኩ፤ ደብዳቤ በፖስታ ላኩ። ቴምብር የሌለው ወረቀት በሰው ፖስታ ሳጥን ውስጥ መክተት በፌዴራል ሕግ ክልክል እንደሆነ አስታውሱ። በሜሪላንድ ገጠር ዛፍ ግንድ ላይ ቁልቁል የተቀባ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ «አትግቡ» ማለት ነው፤ ባለቤቱን ሳታገኙ እንዳትሻገሩት።

3. ስምምነቱን ግማሽ ገጽ ላይ ጻፉት። በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ቀለል ያለ። መያዝ ያለበት፦ የሁለታችሁ ስምና ስልክ፣ አድራሻ፣ የተፈቀደው ቀን ወይም ጊዜ፣ የተፈቀደውና የተከለከለው ቦታ (ለምሳሌ የፊት ግቢ አዎ፣ የአበባው መደብ አይደለም)፣ የሚገኘው ነገር ክፍፍል፣ የሁለታችሁ ፊርማ። በክፍፍሉ ላይ አትግደርደሩ። የሚሻለው ሁሉንም ለባለቤቱ አሳይቶ እሱ መጀመሪያ እንዲመርጥ ማድረግ ነው፤ ስም የተጻፈበት ዕቃ፣ ቀለበትና የቤተሰብ ነገር ሁሉ ደግሞ ያለ ጥያቄ ለእሱ ይሁን። ይህ ካልተጻፈ ችግሩ የሚነሳው ምንም ባላገኛችሁበት ቀን ሳይሆን የወርቅ ቀለበት ባገኛችሁበት ቀን ነው።

4. 811 ይደወል፤ ከመሬት በታች የተቀበሩ መስመሮችን የሚያስመለክቱበት ስልክ ቁጥር ነው። አገልግሎቱ ነጻ ነው። ከመቆፈር ጥቂት የሥራ ቀናት በፊት ባለቤቱ ወይም እናንተ ትደውላላችሁ፤ መጥተው መሬቱ ላይ ቀለም ይቀባሉ። ቀይ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት ገመድ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ ነው። ከቀለሙ ግራና ቀኝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ራቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። 811 የሚያመለክተው የአገልግሎት ድርጅቶቹን መስመር ብቻ ነው። ባለቤቱ ራሱ ያስቀበረው የሣር ውኃ መርጫ ቱቦ፣ የግቢ መብራት ሽቦና ውሻ ከግቢ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሽቦ አይቀባም፤ እነዚህ ደግሞ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብለው የተቀበሩ ናቸው፣ በአንድ ቢላዋ ይበጠሳሉ። ስለዚህ ባለቤቱን አንድ በአንድ እየጠራችሁ ጠይቁ፦ ስፕሪንክለር? የውሻ አጥር? መብራት? የመጸዳጃ ታንክና ማስረጊያ ሜዳ? በቅርብ የተዘራ ሣር ወይም የተረጨ ኬሚካል?

5. ቀኑን ምረጡ። በዚህ አካባቢ አብዛኛው ግቢ ላይ የተዘራው ቶል ፌስኪዩ የሚባለው ቅዝቃዜ የሚወድ ሣር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ራሱን ለማትረፍ እድገቱን ያቆማል፤ ያኔ የተቆረጠ ሥር አያገግምም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳርና በጸደይ ወራት መሬቱም ይለሰልሳል፣ ሥሩም ቶሎ ይይዛል። የቨርጂኒያ ቀይ አፈር ሲደርቅ ሸክላ ነው፣ ጓሉ፣ ማለትም ከነሣሩ ተቆርጦ የሚነሣው አፈር፣ ተፈረካክሶ ይወጣል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ደግሞ ይጣበቃል፤ ጉልበታችሁና ጫማችሁ ያረፈበት ሁሉ ይሰረጉዳል። ከዝናቡ 2 ወይም 3 ቀን በኋላ ተመራጭ ነው። ለመፈተን ካቻቪቴውን በእጅ ግፊት ብቻ አስገቡት፤ 10 ሳንቲ ሜትር ካልገባ ለሌላ ቀን አስተላልፉ።

6. ምልክቱን ሳታጣሩ አትቁረጡ። ኮይሉን (የማሽኑን ክብ የታች ጫፍ) ከመሬት ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ አንዱ ምልልስ የሌላውን ግማሽ እየደረበ አንቀሳቅሱ። ድምፅ ሲሰጥ 90 ዲግሪ ዞራችሁ ድገሙት። ከሁለቱም አቅጣጫ እኩል ጥርት ብሎ የሚደገም ድምፅ መቆረጥ ይገባዋል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ፣ የሚቆራረጥ ወይም ቦታው የሚንሸራተት ብዙውን ጊዜ የዛገ ምስማር ነው፤ ሣር ላይ ተዉት። የቆርቆሮ መጠጥ መክፈቻ ቀለበትና የወርቅ ቀለበት ማሽኑ ላይ ተቀራራቢ ቁጥር ስለሚሰጡ ግን በቁጥር ብቻ መለየት አይቻልም።

ከዚያ ፒንፖይንተሩን ሣሩ ላይ አሳርፉ። ሳይቆፈር ከላይ ከጮኸ ዕቃው ከ5 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ጓል መቁረጥ ጨርሶ አያስፈልግም። ካቻቪቴውን ከዕቃው ጎን በሰያፍ አስገብታችሁ ግራና ቀኝ በመነቅነቅ ጠባብ ስንጥቅ ክፈቱ፤ ሳንቲሙን ከሥሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አውጡት። ስንጥቁን በሁለት አውራ ጣት ጨፍኑ። ካቻቪቴው የደነዘዘ የሚሆነው ሳንቲሙን እንዳይጭረው ነው።

7. ጓሉን በ«ሀ» ቅርጽ ቁረጡ። ዕቃው ጠለቅ ካለ የሚሠራው ይህ ነው፤ ሥራው በሙሉ የሚለካውም እዚህ ላይ ነው።

ዕቃው አለ ያላችሁበትን ነጥብ መሃል አድርጉ። ቢላዋውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳይዘነብል፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አስገቡ። እያወጣችሁና እየመለሳችሁ የ«ሀ» ፊደልን ቅርጽ ቁረጡ፤ ሦስቱ ጎን ይቆረጣል፣ አንዱ ጎን ሳይነካ ይቀራል። ስፋቱ አንድ ጋት ተኩል፣ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በጣም ካጠበባችሁት ቢላዋው ራሱ ዕቃው ላይ ያርፋል። ያልተቆረጠው ጎን እንደ በር ማጠፊያ ነው፦ ሥሩ በዚያ በኩል ከመሬቱ ጋር ይቆያል፣ ሽኮኮና ወፍ ጓሉን ነቅለው አይጥሉትም፣ የሣር ማጨጃውም አያነሣውም፣ ሲመለስም በትክክል ቦታው ላይ ይገጥማል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ማጠፊያው በላይኛው በኩል ይሁን፤ ዝናብ ሲወርድ በስንጥቁ ገብቶ ጓሉን እንዳያነሣው።

ቢላዋውን ከማጠፊያው ተቃራኒ በኩል ከሥር አስገብታችሁ ጓሉን ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። ከሥሩ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር አፈር ተያይዞ መውጣት አለበት። ምንጣፍ የመሰለ ስስ ሣር ብቻ ከተነሣ ሥሩን ለሁለት ከፍላችሁታል፤ በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል። ከአውራ ጣት የወፈረ የዛፍ ሥር ካጋጠማችሁ አትቁረጡት፤ ዝጉትና እለፉ።

8. አፈሩ ሣር ላይ አይፍሰስ። ጨርቁን ከጉድጓዱ አጠገብ ዘርጉ። መጀመሪያ ጓሉን ራሱን በፒንፖይንተሩ ፈትሹ፤ ዕቃው ብዙ ጊዜ እዚያ ተጣብቆ ይገኛል። ከሌለ የጉድጓዱን ወለልና ግድግዳ ፈትሹ። ከውስጥ የምታወጡት እፍኝ አፈር ሁሉ ጨርቁ ላይ ይሂድ። ሣር ላይ የፈሰሰ አፈር ተመልሶ አይለቀምም፤ በዚያ ላይ የጎደለው አፈር ጓሉን ከሣሩ ወለል በታች ያሰምጠዋል። ዕቃውን ካወጣችሁ በኋላ ጉድጓዱን አንዴ ድገሙት፤ ሁለተኛ ሳንቲም ከመጀመሪያው ሥር መኖሩ የተለመደ ነው። ነገ ተመልሶ ያንኑ ጓል መክፈት ደግሞ መግደል ነው።

9. መልሱ። ጨርቁን አጥፋችሁ አፈሩን እንደ ማንቆርቆሪያ ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሱ፤ በጡጫችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት። ባዶ አየር ከሥር ከቀረ ሥሩ አፈር ስለማይነካ ይደርቃል። ጓሉን ገልብጣችሁ ግጠሙ፣ በጫማችሁ ሶል አንዴ ቀጥ ብላችሁ ርገጡት፣ ጠርዙ ላይ የተኛውን ሣር በጣቶቻችሁ አበጥሩት። ሩብ ሊትር ያህል ውኃ አጠጡ። ቆማችሁ ሁለት ሜትር ራቁና ፈልጉት። በቀላሉ ከታያችሁ ገና አልጨረሳችሁም።

ጉድጓድ ሳይዘጋ ወደ ሌላ ምልክት አይኬድም። በተለይ ፈረስና ከብት ባለበት እርሻ፣ በአንድ ክፍት ጉድጓድ የእንስሳ እግር ይሰበራል። እርሻ ላይ የቆመ እህል ውስጥ አትግቡ፤ የተከፈተ የከብት በር ክፍት፣ የተዘጋም ዝግ ሆኖ ይቆይ።

10. ሁሉንም አሳዩ፣ ቆሻሻውንም። ስትጨርሱ ምስማሩን፣ ቆርቆሮውን፣ የጠርሙስ ክዳኑን ጨርቁ ላይ ዘርግታችሁ ለባለቤቱ አሳዩትና ይዛችሁት ሂዱ። ልጆች በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት ሣር ላይ የዛገ ምስማር እንዳወጣችሁለት ሲያይ ሁለተኛ ጊዜ ለመምጣት መለመን አያስፈልጋችሁም። ሳንቲም አትፈትጉ። ከ1964 ወይም ከዚያ በፊት ቀን ያለው ዳይም ወይም ኳርተር 90 በመቶ ብር ነው፤ አሸዋ የያዘ አፈር በጣት ሲታሽበት ይጫራል። በውኃ ብቻ አለቅልቁት።

ማስጠንቀቂያ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የእርስ በርስ ጦርነቱ (ከ1861 እስከ 1865) ያልፈነዱ የመድፍ ጥይቶች ዛሬም ከመሬት ይወጣሉ። ከብርቱካን የሚተልቅ ክብ ወይም ሾጣጣ የዛገ ከባድ ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ አትጠቡ፣ ወደ ቤት አታምጡ፤ ርቃችሁ 911 ደውሉ። በ2008 በቨርጂኒያ እንዲህ ያሉ ጥይቶችን ሲያጸዳ የኖረ፣ ልምድ ያለው ሰው አንዱ ፈንድቶ ገድሎታል።

አጥንት የሰው ከመሰላችሁ ወዲያው አቁሙና ለፖሊስ ደውሉ። የእርሳስ ጥይት የነካ እጅ ሳይታጠብ አይበላበትም። መርፌና ስብርባሪ ጠርሙስ ስላለ ጓንት አይውለቅ፤ የቴታነስ ክትባታችሁንም አሳድሱ። ረጅም ሣርና ጫካ ዳር ላይም መዥገር አለ፣ ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ቤት ስትደርሱ ሰውነታችሁን ፈትሹ።

ጓሉ ለምን ደረቀ? እንዴትስ ይጠገናል?

በአብዛኛው ጥፋቱ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ጓሉ ስስ ነበር፤ ከአራቱም ጎን ተቆርጦ ነበር፤ ከሥሩ ባዶ ቀርቶ ነበር፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ተቆፍሮ ነበር፤ ወይም ቢላዋው ዘንብሎ ስለገባ ጠርዙ እንደ ቂጣ ሳስቷል። ጓሉ አረንጓዴ ሆኖ ከሰመጠ ማጠፊያውን ሳትበጥሱ አንሡት፣ ከሥሩ የጎደለውን አፈር ጨምሩና መልሱት።

ጨርሶ ከደረቀ ለባለቤቱ እናንተው ቀድማችሁ ንገሩት፤ ጥገናውም በእናንተ ወጪ ይሁን። የሞተውን ሣር በእጅ ነቅላችሁ ላዩን በሹካ መሰል መኮትኮቻ ጫር ጫር አድርጉ። ወለሉ እኩል እስኪሆን አፈር ጨምሩ፣ ባለቤቱ የሚጠቀምበትን የሣር ዘር ዓይነት ጠይቃችሁ ሳሳ አድርጋችሁ ዝሩ፣ በመዳፍ ጫን በሉትና ጥቂት ገለባ ጣሉበት። እስኪበቅል ድረስ ላዩ እንዳይደርቅ በየቀኑ በትንሹ ይጠጣ፤ ፌስኪዩ ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ያደረቃችሁት በሐምሌ ከሆነ ግን አሁን አትዝሩ። እስከ መስከረም ጠብቁ፤ ቀኑንም ለባለቤቱ ነግራችሁ በዚያው ቀን ተገኙ።